የጃምቦው ስንብት
(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 2019፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አንድ ቦይንግ 747-400 አውሮፕላን ከሮማ ተነሥቶ ወደ ቴል አቪቭ ሲጓዝ፣ ከቆጵሮስ ደሴት አጠገብ ሲደርስ ከተለመደው የበረራ መሥመር ወጣ። አብራሪዎቹ በባሕሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ በአየር ላይ የራሱን የአውሮፕላኑን ቅርጽ ሣሉ። በራዳርና በመከታተያ መሣሪያ የሚመለከት ሁሉ ጉብታው ከአንገቱ ላይ ከፍ ያለውን፣ በአራት ሞተር የሚበረውን የጃምቦ ዠት ምስል በግልጥ ለማየት ቻለ። አውሮፕላኑም ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ወደ አገሩ ገብቶ አረፈ። የእስራኤል አየር መንገድ ኤል አል ከ1971 ጀምሮ ለ48 ዓመታት መንገደኛ ሲያመላልስበት የኖረው ጃምቦ ዠት በዚህ ዓይነት ከአገልግሎት ተሰናበተ።

የስንብቱ ሥርዓት ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ ለሙያው ሰው ከሥርዓቱ ይልቅ የሚጠቅመው ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ነው። አንድ ትልቅ መሣሪያ የሚሰናበትበት ጊዜ በምን ይታወቃል? የሚያሰናብተው እርጅናው ነው ወይስ ሒሳቡ? ሲሄድስ ምን ትቶ፣ ምንስ ይዞ ይሄዳል? የኤል አል ጃምቦ ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆን ብዙ ነገር አለው፤ ከኢትዮጵያም ጋር የተሳሰረበት ምክንያት አለ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ለብቻቸው ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወስ።

የ747 አመጣጥ ከአንድ ትልቅ ግምት የተነሣ ነው። በ1960ዎቹ የአየር መንገደኛው ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎቹም እየተጨናነቁ ስለሄዱ፣ ፓን አሜሪካን የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ከ707 እጥፍ በላይ የሚይዝ አውሮፕላን እንዲሠራለት ጠየቀ። በአፕሪል 1966ም በ525 ሚሊዮን ዶላር 25 አውሮፕላኖች አዘዘ። ሥራውን በዋና መሐንዲስነት የመሩት ጆ ሰተር ነበሩ። በዚያ ዘመን ወደፊት መንገደኛውን የሚያጓጉዙት ከድምፅ የፈጠኑ አውሮፕላኖች ይሆናሉ የሚል እምነት ስለነበረ፣ 747 ውሎ አድሮ ጭነት ተሸካሚ እንደሚሆን ታሰበ። ስለዚህም ሁለት ትልልቅ የዕቃ ሣጥኖች ጎን ለጎን እንዲገቡበት ሰፊ ሆኖ ተነደፈ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ተከፍቶ ጭነት እንዲቀበል የአብራሪዎቹ ክፍል ከፎቁ ላይ ተደረገ። ዓለም በሩቅ የሚለየው ጉብታ ለውበት ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ከዚህ የጭነት ሐሳብ የመጣ ነው።

አውሮፕላኑ በፌብሯሪ 9 ቀን 1969 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በጃንዋሪ 22 ቀን 1970 ደግሞ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ጅምሩ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። አዲሱ ሞተር በግፊት ብዛት ቅርፊቱ ከክብነቱ እየተዛባ አስቸገረ፤ ሥራቸው ተጠናቅቆ ሞተር ያልደረሰላቸው አውሮፕላኖች በክንፎቻቸው ሥር ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ተንጠልጥሎባቸው በፋብሪካው ሜዳ ቆመው ነበር። ዛሬ ጃምቦውን በክብር ብቻ የሚያስታውስ ሰው ይህን ዘመኑን ቢዘነጋ አይፈረድበትም፤ የጥገና ባለሙያው ግን አይዘነጋውም።

ኤል አል የመጀመሪያውን 747 የተረከበው በ1971 ነው። ለትንሽ አገር አየር መንገድ ይህን ያህል ግዙፍ አውሮፕላን መግዛት ድፍረት ይመስል ነበር። ሆኖም የአገሪቱ የብስ ድንበሮች በአብዛኛው የተዘጉ ስለነበሩ ወደ ውጭ የሚወጣውም ወደ ውስጥ የሚገባውም መንገደኛ በአመዛኙ በአየር የሚጓዝ ነበር። በበዓላት ወራት የመንገደኛው ብዛት በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፤ ኒው ዮርክን የመሰለው ሩቅ መሥመርም ብዙ ሰውና ብዙ ነዳጅ በአንድ ጊዜ የሚሸከም አውሮፕላን ይሻል። አውሮፕላኑ ሲሞላ የእያንዳንዱ መቀመጫ ወጪ ዝቅ ይላል። ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ አራት ሞተሮች ባዶ መቀመጫ ለመሸከም ነዳጅ ይጠጣሉ። የጃምቦው ጥቅምም ጉዳቱም በዚህ አንድ ሒሳብ ውስጥ ነበር፤ ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜም የሒሳቡ ክፉ ወገን ለሁሉም አየር መንገዶች ጎልቶ ታየ።

የጃምቦው ግዙፍነት ከትርፍና ከኪሳራ በላይ የሆነበት ቀን የመጣው በአዲስ አበባ ላይ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ሠራዊት ከተማይቱን ያዘ። በዚህች አንድ ሳምንት መካከል፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን፣ ሠላሳ ስድስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከ30 በላይ አውሮፕላኖች እየተመላለሱ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤልን ከቦሌ ወደ እስራኤል አጓጓዙ። ዘመቻ ሰሎሞን የተባለው ይህ ነው። በሰንበት የማይበረው ኤል አልም ነፍስ ከሰንበት ይበልጣልና በሰንበት በረረ።

ከእነዚህ በረራዎች በአንዱ፣ መቀመጫው በተነሣለት አንድ የኤል አል 747፣ 1,088 ሰዎች ተሳፍረው እንደነበር በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሠፍሯል። ከእነዚህም መካከል በበረራው ላይ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ይገኛሉ። በመጀመሪያ የታሰበው 760 ያህል ሰው ለመጫን ነበር። ቁጥሩን የሰማ ሁሉ ይደነቃል፤ የሙያው ሰው ደግሞ እንዴት ተቻለ ብሎ ይጠይቃል። አውሮፕላንን ከመሬት የሚያስነሣው የክብደት ልክ እንጂ የመቀመጫ ቁጥር አይደለም። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ የሞተር ግፊትም የክንፍ ማንሣትም ይቀንሳል። በሌላ በኩል ግን እስከ ቴል አቪቭ ያለው መንገድ ለጃምቦ አጭር ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ መያዝ አያስፈልግም። ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ሕፃናትና ሰውነታቸው የቀጠነ ሰዎች ነበሩ፤ ከለበሱት ልብስ በቀር ይህ ነው የሚባል ጓዝ አልያዙም። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ 50 ኪሎ ቢታሰብ የሁሉም ክብደት ከ54 ቶን ብዙ አይርቅም፤ ይህም ጃምቦ ሊሸከም ከሚችለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ያን ቀን የተደረገው በጭፍን የተደፈረ ነገር ሳይሆን የክብደትና የሚዛን ስሌት የፈቀደው ሥራ ነበር። እርግጥ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቀበቶና መውጫ በር የሚጠይቀው የሰላም ጊዜ ደንብ እንዲህ ያለውን ጭነት አይፈቅድም። በዚያ ቀን የተመዘነው የበረራው አደጋ ብቻ አልነበረም፤ የመቅረትም አደጋ አብሮ ተመዝኗል።

ከዚህ ከ16 ወራት ያህል በኋላ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1992፣ የዚያው አየር መንገድ ሌላ ጃምቦ፣ ጭነት የሚያመላልስ 747-200፣ ከአምስተርዳም ስኪፖል ማረፊያ ወደ ቴል አቪቭ ተነሣ። ጥቂት ደቂቃ እንደበረረ በቀኝ ክንፍ ያለው ሦስተኛው ሞተር ከነማንጠልጠያው ተገነጠለ፤ ተወርውሮም ከጎኑ ያለውን አራተኛውን ሞተር መትቶ ይዞት ወደቀ። የክንፉም የፊት ጠርዝ ተቀደደ። ከአብራሪዎቹ ክፍል ሆኖ ሞተሮቹን ማየት ስለማይቻል፣ አብራሪዎቹ ሁለት ሞተሮች እንደጠፉ እንጂ ተነቅለው እንደሄዱ አላወቁም። ለማረፍ ፍጥነት በሚቀንሱበት ጊዜ የተጎዳው ክንፍ መሸከም ተሳነው፤ አውሮፕላኑም በቤይልመርሜር ሠፈር በሚገኝ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎችና በመሬት ላይ 39 ነዋሪዎች አለቁ።

ምርመራው የደረሰበት ነገር በመጠኑ እጅግ ትንሽ፣ በመዘዙ እጅግ ከባድ ነው። ሞተሩን የተሸከመው ማንጠልጠያ ከክንፉ ጋር የሚያያዘው በፒኖች ነው። እነዚህ ፒኖች የተነደፉት ከባድ ግጭት ሲደርስ ተሰብረው ሞተሩን በመልቀቅ የክንፉን ነዳጅ ጋን እንዲያድኑ ነው። ከእነርሱ አንዱ በብረት ድካም ተሰንጥቆ፣ ግጭት ሳይኖር በሰላም በረራ ላይ ተሰበረ። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 29 ቀን 1991፣ የቻይና አየር መንገድ ጭነት ተሸካሚ 747 ከታይፔ ተነሥቶ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶበት አምስት ሠራተኞች ሞተዋል። ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ በዓለም ላይ ባሉ 747ዎች ማንጠልጠያው እንደገና እንዲሠራና ሸክሙን የሚጋራ ተጨማሪ ማያያዣ እንዲኖረው ተደረገ። አንድ ሺህ ሰማንያ ስምንት ሰው በደኅና ያደረሰው የአውሮፕላን ዓይነትና አርባ ሦስት ሰው የጨረሰው የአውሮፕላን ዓይነት አንድ ነው። የመሣሪያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይገባውም።

ጃምቦውን ከሰማይ ያወረደው ግን አደጋ አይደለም። ያወረደው በሁለት ሞተር ሩቅ መብረር መቻሉ ነው። በአሜሪካ ከ1953 ጀምሮ በጸናው ደንብ፣ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በአንድ ሞተር በርሮ በ60 ደቂቃ ውስጥ ከማረፊያ ሊደርስ ከማይችልበት ስፍራ እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር። የደንቡ መነሻ ፒስተን ሞተር ቶሎ ቶሎ ይበላሽ የነበረበት ዘመን ነው። የዠት ሞተር አስተማማኝነት እየጨመረ ሲሄድ ደንቡም ላላ፤ በ1985 ወደ 120 ደቂቃ፣ በ1988 ወደ 180 ደቂቃ ከፍ አለ። ውቅያኖስን መሻገር የአራት ሞተር ባለቤቶች ርስት መሆኑ በዚሁ አበቃ።

የዚህ ለውጥ ምልክት በአዲስ አበባም ታይቷል። በጁን 1 ቀን 1984፣ ማለትም ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው ቦይንግ 767-200 ከዋሽንግተን ተነሥቶ በየትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። ርቀቱ 12,082 ኪሎ ሜትር ሲሆን በጊዜው ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው ዓመት ኤል አልም በባለሁለት ሞተር 767 ከሞንትሪያል ወደ ቴል አቪቭ አትላንቲክን በቀጥታ ተሻግሯል። እንግዲህ ጃምቦው ገና በጉልበቱ ላይ ሳለ ወራሹ በገዛ ቤቱ ተወልዶ ነበር ማለት ይቻላል። ወራሹ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ግን 35 ዓመት ፈጀ። ሙያው ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ የመሣሪያ ዘመን የሚያልፈው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ የሚያልፍበት ምክንያት ከስንብቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ይታያል።

በመካከሉ ጃምቦው ራሱ ተለውጧል። በ1989 አገልግሎት የጀመረው 747-400 አዲስ ሞተርና የረዘመ ክንፍ ይዞ መጣ፤ በአብራሪዎቹ ክፍል የነበሩት በመቶ የሚቆጠሩ መርፌዎችና መብራቶች በጥቂት የምስል መስተዋቶች ተተኩ። ከእነርሱም ጋር ሦስተኛው ወንበር ተነሣ፤ የበረራ መሐንዲሱ ሥራ አበቃ። የነዳጁን አከፋፈል፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የኤሌክትሪኩንና የሃይድሮሊኩን ሁኔታ በዓይኑና በጆሮው ሲጠብቅ የኖረው ባለሙያ ቦታውን ለኮምፒዩተር ለቀቀ። አንዳንዶቹ አብራሪ ለመሆን ሠለጠኑ፤ አንዳንዶቹ ወደ ጥገናና ወደ ማሠልጠኛ ገቡ፤ ሌሎቹም ከሙያው ወጡ። አውሮፕላን ሲሰናበት ሥነ ሥርዓት ይደረግለታል፤ ሙያ ሲሰናበት ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው።

ኤል አል የጃምቦውን ምትክ ቦይንግ 787 መቀበል የጀመረው በኦገስት 2017 ነው። የሁለቱ ልዩነት በቁጥር ሲታይ ውሳኔው ራሱን ያስረዳል። 747-400 ሙሉ ጭነት ይዞ ሲነሣ 397 ቶን ያህል ሲመዝን፣ 787-9 ደግሞ 254 ቶን ነው። ጃምቦው በኤል አል አሠራር ወደ 400 መንገደኛ ሲይዝ፣ አዲሱ ከ300 ያነሰ ይይዛል። ነገር ግን የ787 አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ውሕድ የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ድካምንና ዝገትንም ከአልሙኒየም በተሻለ ይቋቋማል። የሚመረመሩት፣ የሚታደሱትና መለዋወጫ የሚገዛላቸው ሞተሮች በአራት ፈንታ ሁለት ናቸው። አነስ ያለ በመሆኑም አየር መንገዱ በአንድ ትልቅ በረራ ፈንታ በቀኑ ውስጥ ተደጋጋሚ በረራ ሊያደርግ፣ መንገደኛ ወደሚያንስበት ከተማም በቀጥታ ሊሄድ ይችላል። ያ ጥንታዊ የመቀመጫ ሒሳብ አሁንም ያው ነው፤ የሚሞላው አውሮፕላን ግን ሌላ ሆነ።

ኤል አል ይህን ያደረገው በራሱ ጊዜና በዕቅድ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ሌሎች ይህን ዕድል አላገኙም። የብሪታንያ አየር መንገድ 57 ያህል 747-400 ይዞ በዓለም አንደኛ የነበረ ሲሆን፣ የቀሩትን እስከ 2024 ቀስ በቀስ ሊያሰናብት አስቦ ሳለ፣ በጁላይ 2020 ሠላሳ አንዱንም በአንድ ጊዜ ከአገልግሎት ማውጣቱን አስታወቀ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በኦክቶበር 8 ቀን ከሂትሮ ሲነሡ መንገደኛ አልያዙም። የአውስትራሊያው ቃንታስም በዚያው ጁላይ የመጨረሻ ጃምቦውን ሸኘ። በዕቅድ የተሰናበተና በችግር የተሰናበተ አውሮፕላን ሁለቱም ከበረሃ ማቆሚያ ይደርሳሉ፤ ልዩነቱ ለሠራተኛው ነው። ዕቅድ ያለው ድርጅት አብራሪውንና መካኒኩን አስቀድሞ ለአዲሱ አውሮፕላን ያሠለጥናል፤ መለዋወጫውን በወቅቱ ዋጋ ይሸጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ይሠራል።

ከስንብቱ በኋላ ያለውም ሥራ የሙያው አካል መሆኑ መታወቅ ይገባዋል። አሮጌ አውሮፕላን ከአካሉ ይልቅ ሞተሮቹና መሣሪያዎቹ ዋጋ ያወጣሉ። እነዚህ ክፍሎች ተፈትተው በሌላ አውሮፕላን ላይ ሊገጠሙ የሚችሉት ግን የአገልግሎት መዝገባቸው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሣና እንዳረፈ፣ ማን እንደመረመረው በጽሑፍ ያልተረጋገጠለት ክፍል ደኅና ቢመስልም ከቁርጥራጭ ብረት አይለይም። በአምስተርዳም የተሰበረው ፒን ያስተማረውም ይኸው ነው፤ ብረት ድካሙን ለዓይን አያሳይም፤ የሚመሰክርለት ምርመራውና መዝገቡ ነው። ለሠላሳ ዓመት በየሌሊቱ በዘይት እጁ መዝገቡን በጥንቃቄ የሞላ መካኒክ፣ አውሮፕላኑ ሲሰናበት የድካሙ ዋጋ በገንዘብ ሳይቀር ይታወቅለታል።

ቦይንግ የመጨረሻውን 747 በጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ለአንድ የጭነት አየር መንገድ አስረከበ፤ ቁጥሩም 1,574ኛ ነበር። በመጀመሪያ ጭነት ተሸካሚ ይሆናል ተብሎ የታሰበው አውሮፕላን፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት መንገደኛ ካመላለሰ በኋላ፣ በመጨረሻው ወደ ታሰበበት ሥራ ተመለሰ። ጆ ሰተርና ጓደኞቻቸው የፊቱን ዘመን ሲገምቱ በድምፅ ፍጥነቱ ተሳስተው በጉብታው ግን ተሳክቶላቸዋል።

ከመሰናበቱ ጋር የሚቀረውን ነገር አለመናገር ግን እውነቱን ማጉደል ይሆናል። ባለሁለት ሞተሩ አውሮፕላን በሒሳቡ የተሻለ ነው፤ በነዳጁም በጭሱም የተሻለ ነው። ነገር ግን ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የመሰለ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ አንድ ሺህ ሰው በአንዴ የሚያነሣ የመንገደኛ አውሮፕላን በብዙ አየር መንገዶች ሰፈር አይገኝም። ለመደበኛው ቀን ልክ የሆነ መሣሪያ ለክፉ ቀን የሚተርፍ አቅም የለውም። ይህ አዲሱን አውሮፕላን ለመንቀፍ የሚነገር አይደለም፤ ማንም አየር መንገድ ለአንድ ቀን ብሎ አራት ሞተር ሲመግብ ሊኖር አይችልም። የሚያሳስበው፣ የተቀነሰውን አቅም በሌላ መንገድ፣ በበረራ ብዛትና በቅድሚያ ዝግጅት፣ መተካት የባለሙያዎች ኃላፊነት መሆኑን ነው።

በቆጵሮስ ሰማይ ላይ የተሣለው ሥዕል ከመከታተያው መስተዋት ላይ ወዲያው ጠፍቷል። በዚያ በግንቦት ቀን በበረራ ላይ የተወለዱት ሁለቱ ሕፃናት ግን የመጨረሻው ጃምቦ ሲሰናበት የ28 ዓመት ሰዎች የሚሆኑበት ዘመን ነበር። በቤይልመርሜርም የሞቱት ሰዎች በየዓመቱ ኦክቶበር 4 ቀን ይታሰባሉ። አንድ መሣሪያ ከአገልግሎት ሲወጣ በሙያው መዝገብ ሊሠፍር የሚገባው ይህ ሁለቱ ወገን ነው፤ ያዳነውም ያጠፋውም፤ ያበረረውም ያሳረፈውም።